በነጻ የተዘጋ በር
ለአንድ ሙዚየም ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሙዚየሙ ኃላፊ፣

የእርስዎንም የቤቱንም ስም አልጠራም፤ ያውቁታል። በደብዳቤም በስልክም አመልክቼ መልስ ስላጣሁ ታሪኩን እንደ አዲስ አልጀምርም። በቀጥታ ወደ ዕለቱ ልግባ።

በሩ ላይ «መግቢያ በነጻ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ» የሚል ሰሌዳ አለ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ተማሪዎቼ ከዳንግላ ተነሥተው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ተሰልፈዋል። ጥበቃው የትብብር ደብዳቤ ጠየቀን። ማኅተም ያረፈበት ነበረን። «ይሄ ለእኛ አልተጻፈም፤ ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው» ተባልን። ክቡርነትዎ፣ እናንተን አይመለከትም ማለት ነው?

ከብዙ ልመና በኋላ ቦርሳችን ተፈትሾ፣ ስማችን በመዝገብ ሰፍሮ ገባን። ምድር ቤቱ ውስጥ አሮጌ ወንበሮችና ፎቶግራፎች አየን። ሥዕሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ደግሞ በገመድ ታጥሯል። ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ነው አሉን። ስብሰባው የት ነው ብንል፣ እዚያው ሥዕሎቹ በተሰቀሉበት አዳራሽ! የቡናው ትሪ ሲወጣ በዓይናችን አይተናል። ጥቂት ቆይቶ ሌሎች እንግዶች በአንድ ሠራተኛ እየተመሩ በጓሮ በኩል ወደ ፎቁ ወጡ። የሰሌዳው ፎቶ በእጄ ነው፤ ስማችን በመዝገባችሁ አለ። ለካሜራ የከፈልንበት ደረሰኝም አለኝ፤ ምን እንድናነሳ እንደነበር ግን እስካሁን አልገባኝም።

ወገን ይፍረደኝ። እነዚህ የአዊ ልጆች ናቸው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን እያዩ ያደጉ። የፈረስ አንገትና ጋማ ይሥላሉ፤ ሲጋልብ አራቱ እግሮች የት የት እንደሚሆኑ ግን ያስቸግራቸዋል። ፎቅ ላይ ያለውን የዓድዋ ሥዕል ለማየት የጓጉት ለዚህ ነበር። በመጽሐፍ አይተውታል፤ መጽሐፍ ደግሞ የቀለሙን ውፍረት፣ ሠዓሊው አጥፍቶ የደገመውን መስመር አያሳይም።

ለንደን ላይ የግንበኛ ልጅ የሆነው አርክቴክት ጆን ሶን፣ ቤቱ ከነስብስቡ ሙዚየም እንዲሆን በ1833 እ.ኤ.አ. ከፓርላማ ሕግ አስወጥቶ፣ ለሥዕልና ለሕንፃ ጥበብ ተማሪዎች በነጻ እንዲከፈት አድርጓል። ዛሬም በነጻ ይገባበታል። ለንደን ሩቅ ከሆነ ሐረር አለ፤ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት ቅርስ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ለሕዝብ ይታያል። አንድ ግለሰብ የቻለውን መሥሪያ ቤት ያቅተዋል?

ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው፦ ልጆቹ ይቅርታ ተጠይቀው ፎቁን ይዩ። ተማሪ የትብብር ደብዳቤ መጠየቁ ይቅር። ስብሰባ ወደ ሆቴል ይሂድ፤ ከተማው የሆቴል እጥረት የለበትም። ካነሣሁት አይቀር፣ ሥዕሎቹም በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ክልል ይውጡ፤ መጀመሪያ ዳንግላ። የእንግሊዙ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተማችን ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። የእኛ ልጆች ግን ይህንን የከተማቸውን ታሪክ የሚያዩባት አንዲት ክፍል የለቻቸውም። አንድ አሮጌ ቤት ታድሶ ሙዚየም ይሁንልን፤ ባለሙያና በጀት ይመደብለት፤ ቁልፉም በእኛው እጅ ይሁን።

ይህ ከሥልጣኔ በላይ ነው ካሉ፣ ሥልጣኑ ያለውን ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ይጻፉልን። እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥዕል መምህር፣ ከዳንግላ