ሐይቅ የሌለው ሰፈርና የላስቲክ ትል

በኮልፌ ቀራንዮ ሐይቅ የለም። ሰፈሩን እያቋረጡ ወደ ትንሹ አቃቂ የሚወርዱት ጅረቶችም የቤትና የፋብሪካ እጣቢ ተሸክመው የሚያልፉ ስለ ሆነ፣ በዳራቸው መንጠቆ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቢገኝ መንገደኛው ቆሞ ይስቅበታል እንጂ «ምን ያዝህ?» ብሎ አይጠይቀውም። እንግዲህ ከእንዲህ ያለው ሰፈር ተነሥተን ስለ ዓሣ ማጥመጃ፣ ያውም በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የላስቲክ ትል ለመጻፍ ማሰባችን አንዳንድ አንባቢዎቻችንን ሳያስገርም አይቀርም። ቢሆንም ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመለከተው ለኮልፌ ወጣት የሚሆን ሥራና ለኮልፌ ወጣት የሚያሠጋ አደጋ አብረው ያሉበት ሆኖ ስላገኘነው፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልፈቀድንም።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንናገር። በብዙ አገር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መሬት ቆፍረው ትል ከመፈለግ ይልቅ፣ ትል ወይም ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት የሚመስል ለስላሳ ላስቲክ በመንጠቆ ላይ ይሰካሉ። ውኃ ውስጥ ሲጎተት ወገቡ ይወዛወዛል፤ ጅራቱ ይርገበገባል፤ ሌላውን ዓሣ እያሳደደ የሚበላ ዓሣም ሕያው ፍጡር መስሎት ይጎርሰዋል። ያው አንዱ ላስቲክ እስኪቀደድ ድረስ ደጋግሞ ያገለግላል።

የዚህ ዕቃ ታሪክ የጀመረው ከአንድ ከተማ፣ ከአሜሪካዋ አክሮን ነው። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1926 ዋልዶ ሴሞን የተባለ የጉድሪች ኩባንያ ኬሚስት ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ፣ ደረቁን ፒ.ቪ.ሲ. በዘይት መሰል ፈሳሽ አሙቆ እንደ ጎማ የሚለጠጥ አደረገው። ከ23 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ እዚያው አክሮን ውስጥ ኒክ ክሬም የተባለ ሰው ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ያንኑ ለስላሳ ላስቲክ በቤቱ አቅልጦ የትል መልክ ሰጠው። ብዙ ሳይቆይ አምስቱን በአንድ ዶላር በፖስታ ይሸጥ ጀመር፤ በኋላም ፋብሪካውን ወደ ቴክሳስ አዛወረ። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ በየመልኩ የሚሸጠው የላስቲክ ትል ዘሩ ከዚያ ቤት ነው።

«ታዲያ ይህ ለኮልፌ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ካለ ኬንያን እናስታውሰዋለን። በኬንያ ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር የዝንብ መልክ ያለው ማጥመጃ በእጃቸው እየቋጠሩ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚልኩ ሠራተኞች አሉ። ሙያው በእንግሊዞች ዘመን የተተከለ ሲሆን፣ ነጻነትም መጥቶ ሥራው አልቀረም። ማጥመጃውን የሚሠራ ሰው ከውኃ ዳር መኖር ግዴታው እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የሚያስፈልገው የለመደ ጣት፣ ጥሩ ዓይንና የታወቀ ጥሬ ዕቃ ነው። ጣትና ዓይን በኮልፌ ሞልቷል። ከአጠና ተራ እስከ እፎይታ፣ ከዚያም አልፎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ፣ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ፣ ከቆርቆሮ ምድጃ የሚያወጣውን እጅ ያየ ሰው በዚህ አይጠራጠርም። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የትሉን ምስል ከእንጨት ጠርቦ ወይም ከሸክላ ጭቃ አበጅቶ ማዘጋጀት ይቀድማል። ቀጥሎ ጀሶ በውኃ ይበጠበጥና በጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ይፈሳል፤ በቫዝሊን የታሸው ምስል እስከ ግማሽ አካሉ ድረስ ይሰጥምበታል። ጀሶው ሲጠና ምስሉን አውጥቶ የቀረውን ጎድጓዳ ማድረቅ ነው። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ቸኩሎ በእርጥብ ጀሶ ላይ የጋለ ላስቲክ ያፈሰሰ ሰው፣ ውኃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ላስቲኩን ወደ እጁና ወደ ፊቱ ይረጭበታል። ከደረቀም በኋላ ጀሶ ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ቫርኒሽ ደጋግመው ይቀቡታል፤ ይህ የቀረ እንደ ሆነ ትሉ አረፋ ይዞ ይወጣል።

ጥሬ ዕቃው ፕላስቲሶል የሚባል፣ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ነው። የፒ.ቪ.ሲ. ደቃቅ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ተበጥብጦ የተሠራ ነው። እሳት ሲነካው በመጀመሪያ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፤ ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ግን ቀጥኖ እንደ ዘይት ይጠራል። ቀለምና ብልጭልጭ ዱቄት የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ወደ ታች እንዲሰጥም የሚፈልግም ደቃቅ ጨው ይቀላቅልበታል። ከፈሰሰ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ይረጋና እንደ ጆሮ ጫፍ ለስልሶ ይወጣል።

ጭንቁ በገንፎውና በዘይቱ መካከል ነው። መጓጐሉን አይቶ አልበሰለም ያለ ሠራተኛ እሳቱን ካበዛበት ላስቲኩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያም ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጢስ ይወጣዋል። ይህ ጢስ በፒ.ቪ.ሲ. ውስጥ ካለው ክሎሪን የሚመነጭ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ፣ ማለትም አፍንጫና ሳንባ ውስጥ ሲገባ፣ አሲድ ይሆናል። የከሰል ምድጃ ደግሞ ሙቀቱን ለመግታት አይመችም። ስለዚህ ሥራው ሙቀት መለኪያ ይፈልጋል፤ ነፋስ የሚያልፍበት ደጅ ይፈልጋል፤ ለአሲድ ጢስ የሚሆን ጭምብል ይፈልጋል፤ ዳግመኛ ሽሮ የማይሠራበት የራሱ ድስትም ይፈልጋል። እሳት ቢነሣበት አሸዋ እንጂ ውኃ አይረጭበትም። አልጋውም ምድጃውም ሕፃናቱም በአንድ ክፍል ባሉበት ቤት ይህን ሥራ መሥራት ልጆችን አሲድ ማስተንፈስ መሆኑን ማንም ሊክደው አይገባም።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣውን አሳብ እናውቀዋለን። «ጥሬ ዕቃ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? ላስቲክ እንደ ሆነ በየጎዳናው ወድቋል፤ ቆራሌው በየቀኑ ይሰበስበዋል» ይባላል። አሳቡ የቁጠባ ስለ ሆነ ደስ ይላል፤ ግን አይሠራም። ፌስታል ፖሊኤትሊን ነው፤ ቀልጦ ሲረጋ እንደ ሻማ ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ ሌላ ዘር ነው፤ ለመቅለጥ ወደ 250 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ሲረጋም ይሰበራል። በረባሶው የተሠራበት ጎማ አንድ ጊዜ በድኝ የበሰለ በመሆኑ ከእንግዲህ አይቀልጥም፤ ይነዳል እንጂ። የሚቀረው ለስላሳው የኮንጎ ጫማ፣ የውኃ ጎማና የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ነው። ከእነዚህ ብዙው በእርግጥ ፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ ነገር ግን በተለይ በአሮጌው ገመድ ልባስ ውስጥ ሙቀት እንዲችል ተብሎ እርሳስ የተጨመረበት አለ፤ የትኛው እንዳለበት በዓይን አይለይም። ስሙ የማይታወቅ ላስቲክ በድስት ማቅለጥ ስሙ የማይታወቅ መድኃኒት እንደ መጠጣት ነው። የቀለጠ ተረፍ ላስቲክ መልሶ መጠቀም ያለ ጥርጥር ይቻላል፤ እርሱም ከራስ ትል የተረፈውን፣ የተቀደደውንና የተበላሸውን መልሶ በማቅለጥ ነው።

በዚህ ሰፈር ስለ ቆሻሻና ስለ ኑሮ ሲወራ ቆሼን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረው የረጲ ኮረብታ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሞቱት መካከል በሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ኮረብታ ላይ ላስቲክና ብረት እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ለአነስተኛ ኢንዱስትሪ ጥብቅና የሚቆም ሰው ሁሉ ይህን ቀን ማስታወስ አለበት እንላለን። ድኻው ከቆሻሻ ውስጥ እንጀራ ማውጣቱ ብልኃት ተብሎ ብቻ ሲመሰገን፣ ጢሱንና ናዳውን ማን እንደሚከፍል ሳይጠየቅ ይቀራልና።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ፤ ማጥመጃው ያለ ዓሣ ከንቱ ነውና። የአዲስ አበባ ሰው በጥብስና በጉላሽ የሚያውቀው ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለ ሆነ የላስቲክ ትል ቢያዩለት አይዞርበትም። አምባዛም በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ የሚያድን ስለ ሆነ ሽታ ያለውን ሥጋ ይመርጣል። የላስቲኩ ሰለባ የሚሆነው በዓይኑ አይቶ የሚያሳድደው ነው። በአባያ፣ በጫሞና በባሮ ናይል ፐርች አለ። በጣና ደግሞ ከዚያ ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ በቀር በዓለም ላይ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በባርበስ ወገን ያልተለመደ ነው። ስለዚህ ገበያው ጠባብ መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን። የላስቲክ ትል የኮልፌን ሥራ አጥ ሁሉ አይቀጥርም።

ይሁን እንጂ በጣና ያለው ችግር መንጠቆን በአዲስ ዓይን እንድናይ ያስገድደናል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ የባርበስ ቁጥር እጅግ መቀነሱ በሊቃውንት ጥናት ተረጋግጧል። ዓሣዎቹ በክረምት፣ ዕንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ለመውጣት በአፋፉ ላይ ሲሰበሰቡ፣ መረቡ እዚያው ይጠብቃቸዋል። መረብ እናቲቱን ከነዕንቁላሏ ያንቃታል፤ ባለ መንጠቆ ግን የያዛትን አይቶ ሊለቃት ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ይህን ሀብት ከብክነት ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ ነገር ግን አጥማጁን መረብህን ተው ከማለት በፊት በምን ይተካው የሚለውን መመለስ የተገባ ነው።

የላስቲክ ትል የራሱ ዕዳ እንዳለበትም አንርሳ። ከመንጠቆ ተቀድዶ ውኃ ውስጥ የቀረ ላስቲክ አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ላስቲክ የዋጡ ትራውት ዓሣዎች ክብደታቸው ቀንሷል። በማለስለሻነት ከሚጨመሩት ዘይቶች አንዳንዶቹም በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ ከሕፃናት መጫወቻ የተከለከሉ ናቸው። የእኛም ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል፤ ፌስታልን ከጎዳና እያስወጣን ሌላውን ላስቲክ በጣና ብንዘራ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ ይሆናል። በቤት የተሠራ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ በጣና ዙሪያ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝ ከጥንት የነበረ የቤት ጥበብ ነው፤ ያም መርዝ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩላችን ነገሩ ከየጓሮው ወጥቶ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ይግባ እንላለን። የከተማው ማሠልጠኛዎች ጢስ ማውጫ ያለው ክፍል፣ ሙቀት መለኪያና መምህር አላቸው፤ ወይም ሊኖራቸው ይገባል። ቅርጽ ማውጣት የተማረ ወጣት የዓሣው ገበያ ቢጠበው እንኳ በዚያው ሙያ የጀሶ ጌጥ፣ የሻማና የሳሙና ቅርጽ ይሠራበታል። ከአየር ጤና ተነሥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ብዙ ሳይጓዝ ሰበታ ይደርሳል፤ እዚያ ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ኮልፌ ሐይቅ የለውም እንጂ የዓሣ ሊቃውንት ጎረቤት ነው። በማሠልጠኛ የተሠራውን ትል ማዕከሉ ይፈትነው፤ የትኛው ዓሣ እንደሚጎርሰው፣ ከመንጠቆ ላይ ቶሎ የሚቀደደው የትኛው መልክ እንደ ሆነ ይንገረን። ከዚያ በኋላ ፕላስቲሶሉን ከነሙሉ ስሙ አስመጥቶ መሥራት ይቻላል።

እስከዚያ ድረስ እጁን ማፍታታት ለሚፈልግ ወጣት ከእሳት የራቀ መንገድ አለ። ከለፋ የበግ ቆዳ ቀጭን ጅራት ቆርጦ፣ የዶሮ ላባ በክር ጠምጥሞ በመንጠቆ ላይ ማሰር ጢስ የለውም፤ ከውኃ ውስጥ ቢቀርም ይበሰብሳል። ላባና ቆዳ በኮልፌ በበዓል ማግስት በየደጃፉ ይጣላል። የጀሶውን ቅርጽ ለመጀመር ያሰበ ግን ከመስከረም በኋላ ቢጀምር ይሻለዋል፤ በኮልፌ ክረምት ጀሶ አይደርቅምና።