ቃላችን የሌላ ሰው ሀብት ሆኖ እንዳይቀር

ማናቸውም ነገር ያለ ዋጋ አይገኝም። ዋጋውን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ዐውቆ ይገዛል፤ ሳይጠይቅ የወሰደ ግን ኋላ ሒሳቡ ሲመጣበት ይደነግጣል። ዛሬ ልንናገርበት የወደድነውም ሕዝባችን ዋጋውን ሳይጠይቅ በየቀኑ ስለሚወስደው ነገር ነው።

በሳሪስ አቦ በኩል የሚያልፍ ሰው እንደሚያየው፥ መንገዱ ከጧት እስከ ማታ ሰው አያጣውም። ይልቁንም ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፥ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ሲሆን፥ ሕዝቡ ይበዛል። ቀድሞ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ወይም ከቅዳሴ ሲመለስ እርስ በርሱ ይጨዋወት ነበር፤ አሁን ግን ሽማግሌውም ወጣቱም ዐይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ይህን የምንለው ስልክን ለመንቀፍ አይደለም። ስልክ ሩቁን ያቀርባል፤ የተለያዩትን ያገናኛል፤ ለነጋዴውም ገዢ ያመጣለታል። የምንጽፈው በስልኩ ውስጥ ስላለው ገበያ ነው፤ ገበያተኛው ራሱ ሳያውቀው የሚሸጥበት ገበያ ሆኗልና።

በዚሁ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤታችን የስኳር ሕመም አለባቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስሙ የታወቀ አንድ ሐኪም በአማርኛ እየተናገረ፥ ስኳርን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኀኒት አግኝቻለሁ ሲል በስልካቸው አዩ። መልኩ የሐኪሙ ነው፤ ድምፁም የሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ ግን ከቶ አልተናገረውም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ብልሃት መልክና ድምፅ አስመስሎ የፈጠረው ነገር ነበር። እኒህ እናት ገንዘቡን በስልክ ልከው፥ የሐኪም ቤቱንም መድኀኒት ትተው ሁለት ሳምንት ቈዩ። ልጃቸው ደርሳ ወደ ሐኪም ቤት ባትወስዳቸው ኖሮ ነገሩ በገንዘብ ብቻ ባልቀረ ነበር። ማስታወቂያው የታየበትን መድረክ ስም መጥራት አያስፈልገንም። መጠየቅ የሚገባን ግን ይህ ነው፤ ማስታወቂያው ከስንት ሚሊዮን ሰው መካከል እኒህን ሕመምተኛ እናት መርጦ እንዴት አገኛቸው? በማግኘቱስ ማን ተጠቀመ?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የተመሠረተው ፌስቡክ ዛሬ ሜታ በሚባል ኩባንያ ሥር ነው፤ ኢንስታግራምና ዋትስአፕም የዚሁ ኩባንያ ናቸው። (የውጭ አገሩን ነገር ስንናገር ዓመቱን በዚሁ አቈጣጠር እንጽፋለን።) ሜታ በ2024 ዓ.ም. ብቻ ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያገኘ ሲሆን፥ ከመቶው ከ95 የሚበልጠው እጅ የማስታወቂያ ዋጋ ነው። ተመልካቹ አገልግሎቱ በነጻ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ወደ ገበያ የሚወጣው ዕቃ የተመልካቹ ዐይንና ጊዜ ነው። ሰው ስልኩን በከፈተ ቍጥር፥ በቅጽበት፥ በማይታይ ስፍራ ሐራጅ ይደረጋል። አስተዋዋቂዎች ዋጋ ያቀርባሉ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም ይህ ሰው ምን ላይ ቈየ፥ ምን ነካ፥ ማንን ተከተለ የሚለውን ሁሉ መዝኖ፥ የትኛውን ማስታወቂያ ቢያሳዩት እንደሚከፍተው ይገምታል። ግምቱ በሠመረ መጠን የኩባንያው ትርፍ ይበዛል። እንግዲህ ጎረቤታችን ስለ ሕመማቸው አንድ ጊዜ ያነበቡት ነገር ሳይበቃ አይቀርም። መድኀኒት ሻጩ አላወቃቸውም፤ ያወቃቸው መኪናው ነው።

ይህ የአንዲት እናት ዕድል ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪል በ2025 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ያወጣውን ይመልከት። ወኪሉ የሜታን የውስጥ ሰነዶች አግኝቶ እንደ ጻፈው፥ ኩባንያው ከ2024 ዓ.ም. ገቢው 10 ከመቶ ያህሉ ከማጭበርበሪያና ከተከለከለ ዕቃ ማስታወቂያ እንደሚመጣ ራሱ ገምቶ ነበር። ደግሞም መኪናው አስተዋዋቂው አጭበርባሪ ስለ መሆኑ ቢያንስ 95 ከመቶ ካላረጋገጠ አያግደውም፤ የተጠረጠረውን ግን የበለጠ ዋጋ ያስከፍለዋል ይላል። ኩባንያው በበኩሉ ግምቱ ሻካራና ከልክ ያለፈ ነው ሲል መልሷል፤ እኛም መልሱን ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ነገር ግን ግምቱ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ፥ በር ጠባቂው ሌባ ነው ብሎ የጠረጠረውን ሰው ከማባረር ይልቅ የመግቢያ ዋጋ ጨምሮ የሚያስገባበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ይባላል?

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከባዶ አይነሣም፤ ሰው የጻፈውን ሲመግቡት ነው እንደ ሰው የሚናገረው። በ2024 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር አንዲት የሜታ ሹም በአውስትራሊያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ስትጠየቅ፥ ኩባንያው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዐዋቂዎች ለሁሉ ግልጽ አድርገው ያወጡትን ጽሑፍና ሥዕል ለዚህ ሥራ እንዳዋለው አምናለች። በዚያው ዓመት ሬዲት የሚባለው መድረክ የተጠቃሚዎቹን ውይይት በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለጎግል እንዲጠቀምበት መፍቀዱ ተሰማ። በ2025 ዓ.ም. በማርች ወርም ኤክስኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ፥ ቀድሞ ትዊተር ይባል የነበረውን ኤክስን ጠቅልሎ ያዘ። ዳግመኛም ሜታ፥ ሰው ከሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ጋር የሚነጋገረውን ከዲሴምበር 16 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ማስታወቂያ ለመምረጥ እንደሚጠቀምበት አስታወቀ። ሕጋቸው የጠነከረውን የአውሮፓ ኅብረትን፥ እንግሊዝን፥ ደቡብ ኮርያንም ግን በጅምሩ ከዚህ አወጣቸው። ሕግ የጸናበት ሰው ተጠየቀ፤ ሕግ ያልጸናበት ሰው ምሥጢሩን ለማይታይ ጆሮ ነገረ።

በአገራችን ልማድ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዳምጦ፥ ቀለሙን በጥብጦ መጽሐፍ ሲጽፍ የድካሙን ዋጋ ይቀበላል። በመጽሐፉም መጨረሻ የጻፈውና ያጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ አንባቢው እንዲያስባቸው ይለመናል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ቃል ባለቤት እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። አሁን ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው የጻፈው፥ ወጣቱ ስለ ወላጁ ሞት ያለቀሰበት፥ መምህሩ ተማሪውን የመከረበት፥ ዲያቆኑ ስብከቱን ያወጣበት ቃል ሁሉ ተሰብስቦ መኪናውን አስተማረ። ስማቸው የተጻፈበት ገጽ የለም፤ ዋጋቸውም አልተከፈለም።

ታዲያ ቃላችንን የወሰደው ቃላችንን ያውቀዋልን? በ2021 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ፍራንሲስ ሆገን የምትባል የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታ ነበር። በዚያ አገር ከሚነገሩት ቋንቋዎች ክፉ ንግግርን የሚከላከለው ሥርዓት የሚሠራው ለሁለቱ ብቻ ነው ስትል ተናግራለች። ይህን የቅኔ ቤት ተማሪ ያለ ብዙ ማስረጃ ይረዳዋል። በእኛ ቋንቋ ሊያቈስል የፈለገ ሰው ስድቡን በግልጽ አይናገረውም፤ በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚያውቀው ይተውለታል። መኪናው ሰሙን አንብቦ ያልፋል፤ የታለመበት ሰው ግን ወርቁን ይሰማል፤ ሊያጠቃው የተሰናዳውም ይሰማል። ቍጣን የሚያስነሣ ነገር ብዙ ሰው ስለሚነጋገርበትም፥ ያው መኪና ለሌሎች አብዝቶ ያደርሰዋል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው፥ ከመገደላቸው አስቀድሞ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዞ የተሰራጨው ጽሑፍ እንዲወርድ ብጠይቅ በጊዜው አልተሰማሁም በማለት፥ ከሌሎች ከሳሾች ጋር በ2022 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በናይሮቢ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። በ2025 ዓ.ም. በኤፕሪል ወርም የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነገሩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። በፍርዱ ጕዳይ መናገር የእኛ ድርሻ አይደለም። ልብ የምንለው ግን የኢትዮጵያዊ ደም ነገር የተሰማው በጎረቤት አገር ችሎት መሆኑን ነው።

ይህን ስንጽፍ የሚቃወመን እንዳለ እናውቃለን። ማንም በግድ ስልክ አላስከፈተህም፤ ጥቅሙንስ ለምን አትናገርም ይለናል። እውነት ነው፥ ጥቅም አለው። ሜታ በ2022 ዓ.ም. ካወጣው 200 ቋንቋዎችን ከሚተረጕመው ሥራ ውስጥ አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ ትግርኛና ሶማልኛ ይገኛሉ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። በሳሪስ ገበያ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ በስልኳ ገዢ የምታገኝ ሴትም አለች። ነገር ግን ወንዝ ውሃ የሚያጠጣ መሆኑ ድልድይ አያስፈልገውም አያሰኝም፤ ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነውና። በፈቃድህ ገባህ የሚለውም ቃል፥ የገባበትን ውል ላላነበበ፥ ቢፈልግም በቋንቋው ተጽፎ ላላገኘው ሰው ፍርድ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ባለሥልጣኖችን እናሳስባለን። በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ለእያንዳንዱ ሰው በመረጃው ላይ መብት ሰጥቷል፤ ጠባቂነቱንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አደራ ብሏል። ሜታ በ2025 ዓ.ም. በሜይ ወር የአውሮፓውያንን ጽሑፍ ለመኪናው ትምህርት ማዋል ሲጀምር፥ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ አስታውቆ እንቢ የሚልበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። ያንኑ ማስታወቂያና ያንኑ የእንቢታ መንገድ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ሕጋችንን ማስፈጸም ነው። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ሲቀመጥ ወረቀት ነው፤ ሕግ የሚሆነው የሚጠይቅበት ሰው ሲገኝ ነው።

ሁለተኛም ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን በፌስቡክ ገጹ ብቻ እያወጣ ባለጕዳዩን ከዚያ አንብብ ይለዋል። እንዲህ ስናደርግ ዜጋውን በገዛ እጃችን ወደዚያ ሐራጅ እየነዳን ነው። የመንግሥት ቃል በመንግሥት ሰሌዳና በመንግሥት ድረ ገጽ አስቀድሞ ይውጣ፤ ወደ ሌላው መድረክ ከዚያ ይሂድ።

ሦስተኛም ቋንቋችንን እኛው እንሰብስበው። የኢትዮጵያ አርተፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ወርቁን ከሰሙ የሚለዩ የቅኔ መምህራንም አሉ። እነዚህ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፥ የቃላችንን ምሥጢር የሚያውቅ መሣሪያ ባለቤቱና ዋጋው ታውቆ ይሠራል።

መምህራንና ካህናትም ሕዝቡን ቀርባችሁ ታስተምራላችሁና፥ ይህን አንድ ምክር ንገሩት። በስልክ የታየ መልክና የተሰማ ድምፅ፥ የካህንም የሐኪምም ቢሆን፥ ገንዘብ ወይም መድኀኒት የሚያስለውጥ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱን በአካል ወይም በሚታወቅ ቍጥር ሳይጠይቁ አይታመን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ጊዜም ይሠራል።

ጎረቤታችን አሁን መድኀኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ስልካቸው ግን ዛሬም ስለ ስኳር መድኀኒት ያሳያቸዋል፤ መኪናው አንድ ጊዜ ያወቀውን አይረሳምና። እርሱ የማይረሳ ከሆነ እኛም የቃላችን ባለቤቶች መሆናችንን ልንረሳ አይገባንም።