«ጌሚንግ» ተብሎ የተሸጠልን ሣጥን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘንድሮውን ጉድ እቤቴ ድረስ ያመጣው የእኅቴ ልጅ ነው። ልጁ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመቱ ሲሆን ከደመወዙ ላይ እየቆነጠረ 45 ሺህ ብር አጠራቀመና «ጋሼ፣ የጨዋታ ኮምፒዩተር ልገዛ ነው፤ ልጅ ነው ብለው እንዳያታልሉኝ አብረኸኝ ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። ሁለታችንንም አታለሉን።

የተሸጠልን ዕቃ ጎኑ መስተዋት የሆነ ጥቁር ሣጥን ነው። ከውስጡ አራት ማራገቢያዎች ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆኑ እንደ ሠርግ ቤት ያብለጨልጫሉ። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ጌሚንግ ኮምፒዩተር፤ ኮር አይ 7፤ ራም 16፤ ግራፊክስ 4 ጊጋ» ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል! እዚያ ወረቀት ላይ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር የለችም። የኔም ንዴት የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

«ኮር አይ 7» መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚሁ ስም ትውልድ በትውልድ ላይ ሲያወጣ ኖሯል። የኛው እቤት ወስደን ስናየው 2600 ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው ትውልድ፣ የ2011 ዕቃ። በ2022 የወጣው ኮር አይ 3 12100፣ በስም ታናሽ ሆኖ፣ ኮሩም እኩል አራት ሆኖ፣ ይህን አይ 7 ጥሎት ይሄዳል። ትውልዱን ሳይጠቅሱ «አይ 7» ብሎ መሸጥ፣ ሞዴሉንም የተሠራበትንም ዘመን ሳይናገሩ «ቶዮታ ነው» ብሎ መኪና እንደ መሸጥ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን የመኪና ሻጭ ማን ቆሞ ይሰማዋል?

«4 ጊጋ»ም እውነት ነው። ካርዱ ጂቲ 730 ይባላል፤ በ2014 ለገበያ የቀረበ፣ ያን ጊዜም ቢሆን ከባድ ጨዋታ ይችላል ተብሎ ያልተገዛ። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም 4 ጊጋ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለት እኩል በርሜሎች አስቡ። አንዱ ቧንቧው የእርሳስ ያህል ቀጭን ነው፤ የሌላው ግን ክንድ ያስገባል። የኛው ጂቲ 730 ከማኅደረ ትውስታው በሰከንድ 14 ጊጋባይት ግድም ሲያሳልፍ 1050 ቲአይ 112 ያሳልፋል። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻውም።

ልጁ የሚፈልገው የኳስ ጨዋታ ነው፤ በ2023 የወጣውን ኤፍሲ 24። አምራቹ ራሱ ከ1050 ቲአይ ያነሰ ካርድ አይሆንም ብሎ ጽፏል። የጨዋታውን ስም ለሻጩ ገና ስንገባ ነግረነዋል። «በደንብ ያጫውታል!» ነው ያለን። እቤት ስንሞክረው ግን ለመጫወት የሚሆን አልነበረም።

ተመልሰን ሄድን። ሻጩ ፈገግ ብሎ፣ «ፋዘር፣ በዚህ ብር ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ ጥያቄ ናት።

ብዙ ይጠበቃል እንጂ ጌታዬ! የዶላሩን ነገር አጥቼው አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ማለፉን የኔም ኪስ ያስታውሳል። ነገር ግን መስተዋቱም፣ መብራቱም፣ አራቱም ማራገቢያ በዚያው ዶላር የመጡ ናቸው። ገንዘቡ አነሰ ካላችሁ፣ ያቺው ያነሰችው ገንዘብ ስለምን ዓይን በሚያየው ላይ ፈሰሰች? ብር የተረፈው ሰው በመብራት ቢሸነገል ነገ ሌላ ይገዛል። ለዚህ ልጅ ግን የሁለት ዓመት ምሳ ነው።

እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ አቧራ የለበሱ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል፤ ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተገልግለውባቸው የጣሏቸው ዴልና ኤችፒ። ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ከእነርሱ ስምንተኛ ትውልድ አይ 5 ያለውን መርጦ ኤስኤስዲና 1050 ቲአይ መጨመር ይቻል ነበር። አብዛኞቹ 1050 ቲአይ ካርዶች 75 ዋት ስለሚበቃቸው ኃይላቸውን ከተሰኩበት ቦታ ያገኛሉ፤ የቢሮ ማሽን አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ይችላቸዋል። (ሣጥኑ ቀጭን ከሆነ አጭሩን ካርድ መጠየቅ ግድ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ለራሴ ገዝቼ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።) ስምንተኛ ትውልድ ማለቴም በዘፈቀደ አይደለም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከዚያ በታች ያለውን የኢንቴል ትውልድ አይደግፍም። በነገሩኝ ዋጋ ሁሉንም ደመርኩት፤ ከ45 ሺህ ብሩ አላለፈም!

እርግጥ ነው፣ እዚህም ወጥመድ አለ። አሮጌ የ550 ቲአይ ካርድ ስሙ ተለውጦ «1050 ቲአይ» እየተባለ ይሸጣል። ከጀርባው ሰማያዊውን የቪጂኤ ቀዳዳ ካያችሁ ጠርጥሩ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከ2018 ወዲህ ብዙዎቹን አስመሳዮች ያጋልጣል፤ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው አስከፍታችሁ እዩ።

አንድ የተማረ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ለጨዋታ እኮ ነው! ምን ያንገበግብሃል?» አለኝ። ሻጩን የጠቀመው ይኸው ንቀታችን ነው። ማሽኑ ለሒሳብ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንጮህ ነበር። እኛ በጆተኒና በከረንቡላ ያቃጠልነውን ማታ ማን ጠየቀን? ልጁ የጠየቀው ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ማታ ማታ ኳስ መጫወት ነው፤ አሁን እንደገና ከዜሮ ተነሥቶ ማጠራቀም ጀምሯል።

ከናንተ ከነጋዴዎች የምፈልገው ቅናሽ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የካርዱን ስም፣ የፓወር ሰፕላዩን ዓይነት ጻፉ። ቦታ አይበቃም እንዳትሉኝ፤ «ጌሚንግ» የሚለው ቃል ብቻውን ግማሹን ወረቀት ይዞታል።