የእንግዳው ብር ወዴት ይሄዳል?

የዛሬው አዲስ ቃላችን «ቱሪዝም» ነው። ቃሉ የውጭ ነው። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገር ለማየት ከቤቱ የወጣ ሰው ጎብኚ ይባላል። ጎብኚን የማጓጓዝ፣ የማሳደር፣ የመመገብና የማስጎብኘት ሥራ በሙሉ ቱሪዝም ይባላል።

በአገራችን ይህ ሥራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃ የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ኢትዮጵያ ለውጭ ሰዎች «የ13 ወር ፀጋ» ተብላ የተዋወቀችው በእሳቸው ነው። ጳጉሜን ጨምረን ስንቆጥር የእኛ ዓመት 13 ወር አይደል?

አሁን ወደ ሐዋሳ እንሂድ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከመሃል ከተማ ወደ ሐይቁ ስንወርድ አሞራ ገደል እንደርሳለን። እዚያ ዓሣ ይሸጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ለማግኘት ሰው መሃል ይቆማሉ። ጎብኚው ይህን አይቶ ይደሰታል። በጀልባ ሄዶ ጉማሬም ያያል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ የመጣ ደግሞ በዓሉን ጉዱማሌ ላይ ያያል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ታዲያ የእንግዳው ብር ወዴት ይሄዳል? እንከተለው። ጎብኚው የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዘ እንበል። ከሚከፍለው ብር ዓሣ አጥማጁ ያገኛል። ዓሣውን የሚያጸዳው ልጅ ያገኛል። ያመጣው የባጃጅ ሹፌርም ድርሻ አለው። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ያመረተው ገበሬ ነው። እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ ቡናውም ከገጠር ነው። ቱሪዝም የሆቴል ባለቤት ሥራ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ነገር ግን ለሆቴል የሚያቀርብ ገበሬ ሂሳብ መያዝ አለበት። ስንት ኪሎ አስረከበ? ዋጋው ስንት ነው? የሚከፈለው መቼ ነው? ይህን በደብተር ይጻፍ፤ ተረካቢውም ይፈርምበት። አሁን ማንበብና መጻፍ ችለናል እኮ! በቃል ብቻ የተሰጠ ነገር ያጣላል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ትልቁ ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የገባው ቆሻሻ አይወጣም፤ ደለሉም እዚያው ይቀመጣል። በምሥራቅ በኩል ጨለለቃ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ውሃው ይታይ ነበር። ከደጋው እየታጠበ የወረደው አፈር ሞላው። ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅም እንዲህ ቢሆንስ? ዓሣው ያልቃል። ወፉ ይሄዳል። ጎብኚው ይቀራል። የሽንኩርቱ ገበያም አብሮ ይቀራል። ያን አፈር ያጣው ደግሞ ማን ነው? ደጋ ላይ ያለው ገበሬ ራሱ ነው። ማሳው ሳሳ፤ ሐይቁም ደለል ሞላው። አንድ ጎርፍ ሁለት ቤት አፈረሰ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ተዳፋት ማሳ ላይ እርከን እንሥራ። በወንዝ ዳር ዛፍ እንትከል፤ እስከ ወንዙ አፍ አንረስ። ከተማ ያለነውም ቆሻሻችንን ወደ ሐይቁ አንጣል። የሆቴል ፍሳሽም ሳይጣራ አይግባ። ጫጩት ዓሣ በጠባብ መረብ አናጥምድ፤ ሳያድግ የተያዘ ዓሣ አይራባም።

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው።

1. በአካባቢያችሁ እንግዳ ሊያየው የሚወድ ምን አለ?
2. ለእንግዳ የሚሸጥ ምን ታመርታላችሁ?
3. ከማሳችሁ የሚታጠበው አፈር ወዴት ይሄዳል?