የቺካጎ መድረክ የእምቢታ ቃላት

ኢምፕሮቭን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከቃላቱ አንዱን ሰምቶ ይሆናል፤ «የስ፣ አንድ»ን። ኢምፕሮቭ ተዋንያን ያለ ድርሰት፣ ከተመልካች በተወረወረላቸው አንድ ቃል ተነሥተው እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጥሩት ኮሜዲ ነው። ደንቡ ደግሞ ባልደረባህ ያለውን «አዎ» ብለህ ተቀበል፣ ከዚያ «እና» ብለህ የራስህን ጨምርበት የሚል ነው ይባላል። ሐረጉ ከቺካጎ ትያትር ቤቶች ወጥቶ የኩባንያ ሥልጠና አዳራሽ ከገባ ቆይቷል። የስመ ጥሩው ትያትር ቤት የሰከንድ ሲቲ ሁለት ኃላፊዎች በ2015 ለሥራ መሪዎች ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕስም ይኸው ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ሐረግ ሙያውን አይወክልም ባይ ነኝ። የኢምፕሮቭ ሰዎች እርስ በርስ የሚግባቡባቸውን ቃላት ሰብስቦ ላየ፣ ብዙዎቹ ስለ ስሕተት፣ ስለ ማቆምና ስለ መቁረጥ ሆነው ያገኛቸዋል። ምክንያት አለው። መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች ያለ ፍርሃት «አዎ» መባባል የሚችሉት፣ «በቃ» የማለት ሥልጣን ለሦስተኛ ሰው ስለተሰጠ ነው። ዓለም «አዎ»ን ተውሶ ሦስተኛውን ሰው ረሳው።

የቃላቱ አመጣጥም ይህንኑ ያሳያል። ቫዮላ ስፖሊን በቺካጎው የማኅበረሰብ ማዕከል ሀል ሃውስ በመምህርቷ በኔቫ ቦይድ ሥር ከሠለጠነች በኋላ፣ በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ድራማ ታስተምር ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ የጋራ ቋንቋ ስላልነበራቸው ረጅም ማብራሪያ ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ ጨዋታ ፈጠረች፤ ጨዋታው ሳይቆም ከዳር ሆና «ድምፅህን አካፍል!» እያለች አጭር ቃል ትወረውራለች። ይህን «ሳይድ ኮቺንግ» አለችው። ዛሬ የምንሰማቸው ቃላት አጫጭር የሆኑት እየሮጠ ላለ ሰው የሚጣሉ ስለነበሩ ነው።

ልጇ ፖል ሲልስ ከዴቪድ ሼፐርድ ጋር በ1955 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ኮምፓስ የተባለውን ቡድን ሲያቋቁም፣ ጨዋታው ከልጆች ወደ አዋቂዎች፣ ከክፍል ወደ መጠጥ ቤት ተሻገረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኮምፓስ አንዱ ክንፍ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ የቡድኑ አባላት ኢሌን ሜይና ቴድ ፍሊከር በዌስትሚንስተር ፕሌስ በሚገኝ አንድ ቤት ወጥ ቤት ተቀምጠው የማታው ትርኢት የት ላይ እንደሞተ ይመረምራሉ። ከዚያ የወጡት ደንቦች እስከ ዛሬ የሚታወቁት በወጥ ቤቱ ስም ነው። የመጀመሪያው ደንብ ባልደረባህ በቃል የፈጠረውን እውነት አትካድ የሚል ነው። ልብ በሉ፤ «አዎ በል» አይልም፣ «አትካድ» ነው የሚለው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታያል። አንዱ ተዋናይ «እዚህ ሊፍት ውስጥ ከተቆለፍን ሦስት ሰዓታችን ነው» አለ እንበል። ሁለተኛው «ምን ሊፍት? ጫካ ውስጥ ነን እኮ!» ቢል ተመልካች መሳቁ አይቀርም፤ ትዕይንቱ ግን በዚያች ሳቅ ሞተ፤ ከዚህ በኋላ የሚነገር ነገር ሁሉ አየር ላይ ነው የሚቆመው። «ጋግ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ባልደረባን ሸጦ የሚገኝ ሳቅ። ሁለተኛው ተዋናይ በምትኩ «አስር ጊዜ ጠይቀኸኛል፤ የደወሉን ቁልፍ አልነካልህም» ቢል ግን እምቢ ብሏል፣ ደንቡንም አልጣሰም። ሊፍቱን ተቀብሏልና። እምቢ ያለው ገጸ ባሕርዩ ነው፤ ተዋናዩ ተስማምቷል። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» የተባለ አዝማሪም ግጥሙን መልሶ ያዜማል እንጂ በሐሳቡ እንዲስማማ አይጠበቅበትም።

የስሕተት ስሞችን እንደ ኪት ጆንስተን የሰበሰበ የለም። እንግሊዛዊ ነው፤ በለንደኑ ሮያል ኮርት ትያትር ሠርቶ ኋላ ወደ ካናዳዋ ካልጋሪ ሄደ፤ በ1977 ሉስ ሙስ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ከቺካጎው ዘር የተለየ ሐረግ ነው፤ ቃላቱ ግን ተጋብተዋል። ባልደረባ የሚያቀርበው ማንኛውም ቃልና እንቅስቃሴ «ኦፈር» ነው፤ ያንን መዝጋት «ብሎክ»። ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር የታሪክ አገዳደል መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። «ዊምፕ» ማለት መፍራት ነው፤ «አንድ ነገር ይዤልሃለሁ» ብሎ ነገሩ ምን እንደሆነ አለመናገር። «ብሪጅ» ማለት አንድ እርምጃ የሚፈጀውን ወንዝ ለመሻገር ድልድይ ሲሠሩ መዋል። «ጎሲፕ» እዚህ ያልተፈጸመ ነገር ማውራት። በፈለሰፈው የቲያትርስፖርትስ ውድድር ላይ ደግሞ ትዕይንት ሲያሰለች ዳኞቹ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ተዋንያኑም ይወርዳሉ። ጨካኝ ይመስላል። ጆንስተን ግን ውድቀት ስም ካለውና በግልጽ ከተነገረ አያስፈራም የሚል እምነት ነበረው፤ እኔም እስማማለሁ። ከትርኢት በኋላ «ዛሬ ጥሩ አልነበርክም» የተባለ ተዋናይ የሚይዘው የለም። «ሁለቴ ብሪጅ አድርገሃል» የተባለው ግን ነገ የሚያስተካክለውን ያውቃል።

የመቁረጫ ቃላቱ የበለጠ ይገርማሉ። ተዋናይና አስተማሪ ዴል ክሎዝ በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ከኮሚቴ ቡድን ጋር ረጅሙን ቅርጽ ሃሮልድን ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ቺካጎ ከቻርና ሃልፐርን ጋር አጎለመሰው። ስሙ ትርጉም የለውም፤ ምን እንበለው ሲባል ከቡድኑ አንዱ በቀልድ የጣለው የሰው ስም ነው። ሃሮልድ ውስጥ ብዙ ትዕይንቶች ተራ በተራ ይመጣሉ፣ ይቋረጣሉ፣ ተቀይረው ይመለሳሉ። መጋረጃ የለም፣ መድረክ ላይ ሆኖ የሚያዝዝ አዘጋጅ የለም። ማን ያቁመው? ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ተዋናይ በትዕይንቱ ፊት ሮጦ ሲያልፍ ያ ትዕይንት አለቀ፤ «ስዊፕ» ነው። የአንዱን ትከሻ መታ አድርጎ ቦታውን ከወሰደ «ታግ አውት» ነው፤ የተነካው ይወጣል፣ የቀረው ያንኑ ገጸ ባሕርይ ይዞ ሌላ ቦታ ይገኛል። መብራት የሚቆጣጠረው ሰው ካጠፋው «ብላክ አውት»። ሁሉም በጥቅሉ «ኤዲት» ይባላሉ። ሦስቱም ላይ ቆራጩ ትዕይንቱ ውስጥ የሌለ ሰው ነው። ውስጥ ያሉት ማለቁን አያዩም፤ ቢያዩም ራሳቸው ሊሉት አይችሉም፤ ተስማምተዋላ።

 

አሁን ኩባንያውን አስቡት። አለቃው ሐሳብ ያቀርባል፣ ሠራተኛው «አዎ፣ እና» ይላል። በስብሰባው ጠረጴዛ ፊት ሮጦ የሚያልፍ ማን አለ?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የትያትሩ መንደር ራሱ ቆራጭ በሌለበት በዚሁ «አዎ» መያዙ ነው። «ኢንዳው» የሚል ቃል አላቸው፤ ለባልደረባህ ማንነት መስጠት፤ «አንቺ እናቴ ነሽ»፣ «አንተ ሌባው ነህ»። ደንቡ ተቀበል ነው። ብዙኃኑ ነጭ ወንድ በሆነበት መድረክ ላይ ይህ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም፤ ሴቶችና ጥቁር ተዋንያን እየተደጋገመ ስለሚሰጣቸው ማንነት ለዓመታት ተናግረዋል። በጁን 2020 የሰከንድ ሲቲ ባለድርሻና ሥራ አስኪያጅ አንድሩ አሌግዛንደር በዘረኝነት ላይ በቀረበ ወቀሳ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ለጥቁርና ለሌሎች ዘር ተዋንያን የሚመች ቦታ ባለመፍጠሩም ራሱን ወቀሰ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሐረግ ማሳበብ ሞኝነት ነው፤ የቅጥርና የገንዘብ ጉዳይም አለበት። ሆኖም ከኋላ የቆሙት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ፣ መቆረጥ ያለበትን ትዕይንት የሚያየው ሰው ግድግዳው ጋ የለም ማለት ነው።

ዛሬ ቡድኖች ከትርኢት በፊት እንዲነካ የማይፈልጉትን ጉዳይ የሚነጋገሩበት ልማድ እየተስፋፋ ነው፤ የተያዘ ባልደረባን በስዊፕ ማውጣትንም እንደ ግዴታ የሚያስተምሩ አሉ። ለአዲስ ተማሪ ግን አሁንም በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው «የስ፣ አንድ» ነው፤ ኤዲት የሚመጣው ሳምንታት ቆይቶ ነው። ጀማሪ ስዊፕ ለማድረግ የሚፈራውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ማቋረጥን እንደ ነውር ተምሯላ። ትምህርቱ ከግድግዳው ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ተማሪው መጀመሪያ ቆሞ ይመልከት፣ የሚያልቅበትን ቦታ ይለይ፣ ሮጦ ይቁረጥ፤ «አዎ» የሚለው ከዚያ በኋላ ይድረሰው።