መኪናው ከፍ አለ፤ መሪውስ?

ከላምበረት በወሰን በኩል ወደ ካራ በሚወስደው የኮተቤ አስፋልት ላይ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ አያስቸግርም። ችግሩ የሚጀምረው ወደ እንጦጦ ተራራ ወገብ ወደሚወጣው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ወደሚቦረቡረው የመንደር መንገድ ሲታጠፉ ነው። የመኪናው ሆድ ድንጋይ ይነካል። ስለዚህ የኮተቤ ሰው መኪናውን ከፍ ቢያስደርግ ቅብጠት ነው ሊባል አይገባም፤ ቸግሮት ነው።

ጥፋቱ ሥራው በግማሽ መቅረቱ ላይ ነው። ጋራዡ ከሞላው በላይ ስፔሰር ይጨምራል፣ ወይም ረዘም ያለ ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ ይገጥማል። ባለቤቱም በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የሰፋውን ክፍተት አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። የመሪውን ነገር የሚያነሳ የለም።

በቪትዝ ላይ ከመሪው ራክ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ታይ ሮድ ይባላል። ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ ደግሞ ሎወር አርም ነው። ፋብሪካው ሁለቱን ያስቀመጣቸው ጎማው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ እኩል እንዲወዛወዙ አድርጎ ነው። አካሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ሁለቱም ወደ ታች ያዘነብላሉ። ስምምነታቸው ከተዛባ፣ ጎማው በዘለለ ቁጥር ታይ ሮዱ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል፤ ሾፌሩ መሪውን ሳያዞር መኪናው አቅጣጫ ይቀይራል። ዊል አላይመንት ግዴታ ቢሆንም ይህን አያድነውም፤ የሚያስተካክለው መኪናው ቆሞ ሳለ ጎማዎቹ የሚያዩበትን አቅጣጫ ነው። በዚያ ላይ የታይ ሮዱ ጫፍ ከአቅሙ በላይ ሲታጠፍ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደድና አቧራ ገብቶ ይበላዋል።

መፍትሔው ክንዱንና ራኩን አብሮ ማውረድ ነው። ሁለቱ አንድ ክሮስሜምበር ላይ የታሰሩ ከሆነ ክሮስሜምበሩን በስፔሰር ማውረድ ይቻላል፤ ያኔ ግን ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደው ዘንግ ጥርሱ በበቂ ሁኔታ መግባቱ መታየት አለበት። ክንዱን ብቻ አውርዶ ራኩን መተው ካለመንካት ይብሳል። ጥሩ መካኒክ ሞላውን አውጥቶ ሎወር አርሙን በክሪክ ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር አለመዞሩን በሜትር ይለካል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። አገራችን ከገቡት ቪትዞች መካከል ለጃፓን በቀኝ መሪ ተሠርተው ዱባይ ላይ ወደ ግራ የተገለበጡ አሉ። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የሻሲ ቁጥሩ የሚመራው ወደ ጃፓኑ ራክ ነው፤ መኪናው ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ፈትቶ ይዞ መሄድ፣ ርዝመቱን፣ የጥርሱን ዓይነትና የታይ ሮዱን ጫፍ ሾጣጣ ውፍረት ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል። ሾጣጣው በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያንስ ታይ ሮድ ቦሎኑ ጠብቆ የገጠመ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ይጫወታል።

ላንድ ክሩዘር 70 ላይ ጉዳዩ ይለያል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊት አክስሉ በክብ ሞላ ላይ ያለ በመሆኑ፣ ከፍ ሲል አክስሉ በትንሹ ይዞርና መሪው በራሱ መመለስ ይሰንፋል። ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ ጎሚኒ አለ፤ ከሞላው ጋር አብሮ ይታዘዛል። ሞላውን ብቻ ገጥሞ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር በየጠመዝማዛው ከመሪው ጋር ይታገላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ ጋራዦች መኪና ከፍ የማድረጊያ ዋጋ ሲናገሩ የመሪውን ፍተሻ፣ የሚቀየረውን ዕቃና አላይመንቱን በአንድ ሒሳብ ውስጥ አስገብተው ይናገሩ። ደንበኛውም ይህ ሁሉ ሳይጠናቀቅ ቁልፉን አይቀበል።