ዕቃው ደህና ነው፤ የሞተው ድራይቨሩ ነው

አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሞተ የሚባለው መቼ ነው? ሲወድቅ? ባትሪው ሲያብጥ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ብዙዎቹ የሚሞቱት ምንም ሳይሆኑ ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ ስልክ ቁጥሩም ቀጠሮውም ውስጡ አለ። ኮምፒውተሩ ግን «አላውቀውም» ይላል።

እስቲ ፓልምን እናንሳ። ስማርት ፎን ዓለምን ሳያጥለቀልቅ በፊት አድራሻና ቀጠሮ በኪስ ይዞ ለመዞር እንደ ፓልም ያለ ኦርጋናይዘር ነበር የሚያዘው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በሲሪያል ገመድ ነበር። በ1999 የፓልም መሥራቾች ወጥተው ያቋቋሙት ሃንድስፕሪንግ ቫይዘርን በዩኤስቢ ይዞ መጣ። ሰካ፣ የሆትሲንክን ቁልፍ ተጫን፣ አለቀ!

ለእኛ አለቀ እንጂ ከውስጥ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። በዩኤስቢ የተሰካ ዕቃ ለኮምፒውተሩ የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር ይነግረዋል። ያንን ቁጥር የሚያውቅ ድራይቨር ከሌለ ጨዋታ ፈረሰ። ቫይዘር ደግሞ ዓይን አፋር ነገር ነው፤ ቁልፉ እስኪጫን ድረስ ኮምፒውተሩ መኖሩንም አያውቅም።

በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ገበያ ላይ ዋለ። ባለ 64 ቢቱ ለ32 ቢት የተጻፈ የዩኤስቢ ድራይቨር አይቀበልም፤ አዲስ ይጻፍ ቢባልም ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማው አይከፋም፣ ቫይረስ እንደ ድራይቨር ተመስሎ እንዳይገባ ነው። ችግሩ ፓልም ለ64 ቢት የሚሆነውን ሳያወጣ መቅረቱ ነው። ብሉቱዝ ወይም ኢንፍራሬድ ያለው በዚያ ተሻገረ፤ የሌለው ገመዱን ታቅፎ ቀረ። በ2010 ኤችፒ ፓልምን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በማግስቱ ዓመት የፓልምን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወው። ከዚያ ወዲያ ለማን አቤት ይባላል?

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ለሊኑክስ የቫይዘርን ድራይቨር የጻፈው ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነበር። ስለዚህ የፓልምና የሶኒ ክሊዬ መሣሪያዎች ሲመጡ ለብዙዎቹ መለያ ቁጥራቸውን እዚያው ፋይል ላይ መጨመር በቂ ሆነ። ሃንድስፕሪንግ በ2003 ከፓልም ጋር ተዋህዶ ስሙም ጠፋ፤ ድራይቨሩ ግን ከከርነሉ ጋር ለረጅም ዓመታት እየታደሰ ኖረ። ባለቤቱ የሞተበት ቤት ጎረቤት እየጠገነው እንደመኖር በሉት።

«ኩባንያ ለዘላለም ይደግፍ ነው የምትለው?» እንዳትሉኝ። አላልኩም። መደገፍ ሲያቆም ግን የድራይቨሩን ኮድ ወይም ዕቃው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበትን ሰነድ ይልቀቅ። ከዚህ በኋላ አልሸጠውም፣ አልጠግነውም ያለውን ነገር ቆልፎ መያዙ ለማን ይጠቅማል? አዲስ እንድንገዛ ካልሆነ በቀር!

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስካነሩም ፕሪንተሩም ያገለገለ ሆኖ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስ አምራቹ ከረሳው ቆይቷል። እና ሻጩ «ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ታወርዱታላችሁ» ካላችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ላፕቶፓችሁን አውጥታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ እዩት።